«ቷ»ን ያሳየኝ መስኮት፦ ኤልቪጂኤል ሲሙሌተርን ለወራት ተጠቅሜበት

የስክሪኔን መልክ ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም፣ ሲሙሌተር፣ እጠቀማለሁ ስላቸው ድሬ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ልጆች መልሳቸው አንድ ነው፦ «አቦ፣ ሲሙሌተር ምን ያደርግልሃል? ስክሪኑን ግዛና እዛው ላይ ሞክር!»

ስክሪኑማ አለኝ። ሳቢያን ሰፈር ላለ አንድ ግቢ የውሃ ታንከር መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነው፤ ኢኤስፒ32 የሚባል ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ ላይ 320 በ240 ፒክስል የሆነ፣ አይኤልአይ9341 በሚባል ቺፕ የሚሠራ ስክሪን ገጥሜለታለሁ። የሚወጣበትን ጽሑፍ ግን መጀመሪያ የማየው ላፕቶፔ ላይ ነው። ኤልቪጂኤል እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ ጽሑፍና ምስል የሚስል፣ በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ነፃ የግራፊክስ ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ) ነው፤ ኤስዲኤል በሚባል ሌላ ላይብረሪ በኩል ያንኑ ኮድ ኮምፒውተር ላይ በመስኮት ይከፍትልሃል፣ ማውሱ በጣት ፋንታ ይሠራል። መጫኑ አያስቸግርም።

ልቤን የወሰደው የአማርኛው ነገር ነው። አብሮት የሚመጣው ሞንትሰራት ፎንት ፊደላችንን አያውቅም፤ በሱ ብትጽፍ ባዶ ሳጥን ይደረደርልሃል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወስጄ፣ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ) ላይ በሄክሳዴሲማል አቆጣጠር ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን የእኛን ክልል በፎንት መቀየሪያው ወደ ሲ ፋይል አወጣሁት። ከዚያ በ14 ፒክስል፣ ለአንድ ነጥብ 1 ቢት ብቻ (ወይ በራ ወይ ጠፋ) ሰጥቼ «ታንከሩ ሞልቷል» አልኩ። መስኮቱን አጉልቼ ሳየው የ«ቷ» የግርጌ ሰረዝ እግሩ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል፤ የሚነበበው «ተ» ነው። ወደ 4 ቢት (16 የድምቀት ደረጃ) ከፍ ሳደርገው ጠርዙ ለሰለሰ፤ 18 ፒክስል ላይ ሰረዙ ለብቻው ወጣ። ይህን መዳፍ በምታክል ስክሪን ላይ በዓይን መለየት ይከብዳል፤ በዚያ ላይ ለእያንዳንዷ ለውጥ ቦርዱን እንደገና ፍላሽ ማድረግ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ዳግም መጫን፣ አለ። ስክሪኑን በየቀኑ የሚያዩት የግቢው ዘበኛ ናቸው፤ አባባ መነጽር አያደርጉም፣ ለእሳቸው ፊደሉ ጥርት ማለት አለበት።

ሻጮቹ «ኮምፒውተር ላይ የሚያምር ሁሉ ቦርድ ላይ አያምርም» ይሉኛል። በፍጥነት በኩል እውነታቸውን ነው። አንድ ሙሉ ምስል በ16 ቢት ቀለም 153,600 ባይት ነው፤ ቦርዱን ከስክሪኑ በሚያገናኘው የ40 ሜጋኸርዝ ኤስፒአይ መስመር ለመላክ ቢያንስ 31 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። መስኮቱ ይህን መዘግየት አያሳይህም፤ የቦርዱን የሜሞሪ ጥበትም አይነግርህም። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ቦርዱ ላይ እፈትሻለሁ። የፊደሉ ቅርጽ ግን መስኮቱ ላይ እንዳየሁት ነጥብ በነጥብ ነው የወጣው።

ሻጮቹ ቅር ይበላቸው እንጂ፣ በአማርኛ የሚያወራ ዕቃ ለሚሠራ ሰው መጀመሪያ ይህን ጫን እለዋለሁ፤ ስክሪኑን ከዚያ በኋላ ይግዛ።