ማስቶዶን ወይስ ኤክስ?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ኢሎን መስክ ትዊተርን (ዛሬ ኤክስ የሚባለውን) በ44 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ብዙ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ትዊተርን ወደሚመስለው ሌላ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ወደ ማስቶዶን ነጎደ። ሁለት ወር ሳይሞላ የማስቶዶን ወርሃዊ ተጠቃሚ ወደ 2.5 ሚሊዮን ተጠጋ። ከዚያ አብዛኛው ቀስ እያለ ተመለሰ።

ችግሩ ገና በር ላይ ነበር። ኤክስ ላይ ኢሜይልህን ታስገባለህ፣ አለቀ። ማስቶዶን ግን ያኔ መጀመሪያ «የትኛውን ሰርቨር ትመርጣለህ?» ብሎ ይጠይቅህ ነበር። ሰርቨር (አካውንትህ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እዚያው ይተወዋል። አሠራሩ ግን እንደ ኢሜይል ነው፤ ጂሜይል ያለው ሰው ያሁ ላለው እንደሚጽፈው፣ አንዱ ሰርቨር ላይ ያለው ሌላው ላይ ያለውን ይከተላል። ባለቤቱ አንድ ሰው ስላልሆነ ማንም ብድግ ብሎ ሁሉን ሊገዛው አይችልም። ማስታወቂያም የለም። ሰርቨር ብትቀይር ተከታዮችህ አብረውህ ይሄዳሉ፤ የጻፍካቸው ግን እዚያው ይቀራሉ። ይሄ እኔን ያናድደኛል።

ብሉስካይ የሚባለው ሌላው የትዊተር ተፎካካሪ ምዝገባውን ቀለል አደረገው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024፣ ከአሜሪካ ምርጫ በኋላ፣ ተመዝጋቢዎቹ ከ20 ሚሊዮን አለፉ። ያልተማከለ ነኝ፣ በአንድ ባለቤት እጅ አይደለሁም ይላል፤ አብዛኛው ሰው ያለው ግን ኩባንያው ራሱ በሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ላይ ነው።

ፌስቡክ በበኩሉ በወር ከ3 ቢሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው። አክስትህም፣ የሰፈር ዕድርተኛውም፣ የድሮ የክፍል ጓደኛህም እዚያ ናቸው። እነሱን ማን ማስቶዶን ላይ ያስመዘግባቸዋል?