ሦስት ወር የተመላለሰው ቢጫ መብራት እና ምክንያቱን ያሳየኝ ኮድ ማንበቢያ

ፒክአፔ እ.ኤ.አ. የ2001 ሞዴል ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ ሞተሩ አንድም ጊዜ ተከፍቶ የማያውቅ። እወደዋለሁ። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ እንደ ቀላል ነገር አላለፍኩትም፤ በዚያው ቀን ጋራዥ ወሰድኩት። ባለሙያው ኮምፒውተር ሰክቶ ሁለት የብልሽት ኮዶች አነበበ፦ ፒ0171 እና ፒ0174። ኮዶቹን አጠፋና የሞተሩን የአንዱን ወገን ኦክስጅን ሴንሰር፣ ማለትም በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን፣ ቀየረ። በዘጠነኛው ቀን መብራቱ ተመለሰ። የሌላው ወገን ሴንሰር ተቀየረ፤ ተመለሰ። ስድስቱም ካንዴላዎች ተቀየሩ፤ አሁንም ተመለሰ። በዚህ መልክ ሦስት ወር አለፈ። ሰውየው በቅንነት እንደሠራ አምናለሁ፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ኮድ እንደ ዕቃ መግዣ ትእዛዝ ነበር የሚያነበው።

ፒ0171 የሚለው በአንደኛው የሞተር ወገን ድብልቁ አየር በዝቶበት ነዳጅ አንሶታል ነው። ፒ0174 ያንኑ ስለ ሁለተኛው ወገን ይናገራል። ሴንሰር ቀይሩ የሚል ቃል በሁለቱም ውስጥ የለም። እንዲያውም ሴንሰሩ ያየውን በትክክል እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ወገኖች አብረው ከታመሙ ደግሞ በሽታው መፈለግ ያለበት ሁለቱም ከሚጋሩት ቦታ ነው፤ ከአየር መግቢያው ወይም ከነዳጅ አቅርቦቱ። ይህንን የተረዳሁት የራሴን መሣሪያ ከገዛሁ በኋላ ነው።

የገዛሁት ባለ ገመድ የእጅ ኮድ ማንበቢያ ነው። መጠኑ ከመዳፌ ጥቂት ይበልጣል፤ ትንሽ ባለ ቀለም መስኮትና ስድስት ቁልፎች አሉት። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ በብዙ ስም ስለሚሸጥ የምጽፈው ስለ ችሎታው እንጂ ስለ ስሙ አይደለም። ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ኃይሉን ከመኪናው ባትሪ ስለሚወስድ የራሱ ባትሪ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ይህ ሶኬት አላቸው፤ በአውሮፓ የቤንዚን መኪኖች ግዴታው የመጣው ከ2001 ጀምሮ ነው። ስለዚህ «መኪናዬ አሮጌ ነው፣ አያነብበውም» ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከመሪው ሥር ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ ኮዱን አላጠፋሁም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታ አብሮ ያስቀምጣል፤ ኮዱን ስታጠፉ እሱም አብሮ ይጠፋል። ጋራዡ ውስጥ ሦስት ጊዜ ማንም ሳያየው ተደምስሷል። እኔ ስከፍተው እንዲህ ይላል፦ የሞተር ዙር በደቂቃ 720፣ ፍጥነት 0፣ የውኃ ሙቀት 88 ዲግሪ፣ የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያ +24 በመቶ። ዳገት ላይ አልነበርኩም፣ ዕቃ አልጫንኩም። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ በሚኒሞ (የነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ) ሲሠራ ነው የተመዘገበው።

የነዳጅ ማስተካከያ የሚባለው ቁጥር ለእኔ የዚህ መሣሪያ ነፍስ ነው። ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሴንሰሩን እያዳመጠ በስሌቱ ላይ ምን ያህል ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ በመቶኛ ያሳያል። ከዜሮ 10 ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ብዙ አያሳስብም። 24 ማለት ግን ሞተሩ ድብልቁ እንዳይሳሳ ከስሌቱ ሩቡን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ይኖራል ማለት ነው።

በማግሥቱ ሞተሩን አስነስቼ ቁጥሮቹን በቀጥታ ተመለከትኩ። በሚኒሞ +23። የነዳጅ መስጫውን ረግጬ ዙሩን 2500 ላይ ያዝኩት። ቁጥሩ ወረደ፤ 15፣ 11፣ 8፣ በመጨረሻም 6 ላይ ቆመ። እግሬን ሳነሳ እንደገና ወደ ላይ ወጣ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል፤ ሦስት ወር ሙሉ በግምት ሲነገርለት የነበረው ሞተር ራሱ መናገር የጀመረ ያህል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ የሚገባውን አየር የሚመዝን ሴንሰር አለ። ከሱ በኋላ የሆነ ቦታ ላይ ቀዳዳ ካለ፣ በዚያ የሚገባው አየር ሳይቆጠር ሞተር ውስጥ ይደርሳል። በሚኒሞ የአየር በሩ ዝግ ሊሆን ጥቂት ስለሚቀረው የሚቆጠረው አየር ትንሽ ነው፤ በቀዳዳው የሚሰርገው ደግሞ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ዙሩ ሲጨምር የሚቆጠረው አየር ብዙ እጥፍ ስለሚሆን የቀዳዳው ድርሻ ይሟሟል። ችግሩ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን ነበር የማየው፤ ሞተሩ ሲጫን ቁጥሩ ይብሳል። አንድ መስመር ቁጥር በማንበብ ብቻ ፓምፑን ከጥርጣሬ አወጣሁት።

ኮፈኑን ከፍቼ ቀዳዳውን ለመፈለግ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሣሁትና ተራ ውኃ የሞላሁበትን መርጫ ይዤ ከኤሌክትሪክ ክፍሎቹ እየራቅሁ በጎማ ቱቦዎቹ መጋጠሚያዎች ላይ ጥቂት ጥቂት ረጨሁ። ተቀጣጣይ ፈሳሽ የሚረጩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ማኒፎልድ በስተኋላ የሞተሩን ውስጣዊ ትንፋሽ የሚመልሰው የክርን ቅርጽ ያለው ቱቦ ላይ ስደርስ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ለአንድ ሰከንድ ተረጋጋ፣ ከዚያ መልሶ ተንቀጠቀጠ። ሞተሩን አጥፍቼ ቱቦውን በጣቴ ዳሰስኩት። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ከታች በኩል ግን ጎማው ዘይት ጠጥቶ እንደ ሰም ለስልሷል፤ ስጫነው የትንሽ ጣቴ ጥፍር የሚያህል ስንጥቅ አፉን ከፈተ።

ቱቦውና ማጥበቂያው ተቀየሩ። መብራቱ በየዘጠኝ ቀኑ ለምን እንደሚመለስም ያን ጊዜ ገባኝ፦ ኮዱ ሲጠፋ ማስተካከያው ከዜሮ ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ወደ ላይ ለመውጣት፣ ከዚያም ስህተቱን በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ለማረጋገጥ ጊዜ ይወስድበታል። «ተጠገነ» ብዬ የተደሰትኩባቸው ቀኖች በሙሉ ያ የመጠባበቂያ ጊዜ ነበሩ።

አሁን ስለ መሣሪያው ጉድለት። ፀሐይ ላይ መስኮቱ አይታይም፤ በእጄ ማጥላት ነበረብኝ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ኮፈኑ ዘንድ ቆሜ ቁጥሩን ማየት አልቻልኩም፤ ልጄ ውስጥ ተቀምጣ እያነበበች ትነግረኝ ነበር። የፍሬንና የኤርባግ ኮዶችን አያነብም፤ ሳጥኑ ላይ ግን ይህ በግልጽ አልተጻፈም፣ ሊጻፍ ይገባ ነበር። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ይህ ግን የመሣሪያው ጥፋት አይደለም፤ የዚያ ዘመን ብዙ መኪኖች የሚናገሩት በሰከንድ 10,400 ቢት ብቻ ነው፤ የኋለኞቹ 500,000 ይደርሳሉ። ሃያ ቁጥር በአንድ ጊዜ ከጠየቃችሁት እያንዳንዱ ዘግይቶ ይደርሳል። ሦስት ወይም አራት ብቻ ምረጡ፦ ዙር፣ የሁለቱን ወገኖች የረጅም ጊዜ ማስተካከያ፣ የሚመዘነውን አየር። ያን ጊዜ በደንብ ይፈጥናል።

ከዚህ በፊት በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ሶኬት ሞክሬ ነበር። ኮድ ያነባል፤ ነገር ግን ልክ ቁጥሩ በሚያስፈልገኝ ሰዓት ግንኙነቱ ይቋረጥ ነበር። ገመድ ይሻለኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መብራቱ ዝም ብሎ ከበራ ለማጥናት ጊዜ አላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሲሊንደር ማቀጣጠል እየሳተ ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭሱን ወደሚያጸዳው ካታሊስት እየሄደ ሊያቃጥለው ይችላል፤ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ቀለል አድርጉና በቶሎ አቁሙ።

ጥገናው ከተደረገ አራት ወር ሆነው። ትናንት ስሰካው የረጅም ጊዜ ማስተካከያው በአንደኛው ወገን 3፣ በሁለተኛው 2 ነበር፤ ሚኒሞው ጸጥ ብሏል። መሣሪያው ዋጋው ከቀየርኳቸው ሁለት ሴንሰሮች ከአንዱ ያንሳል። ለመግዛት ካሰባችሁ ሻጩን የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያን በቁጥር ያሳይ እንደሆነና ኮዱ የተመዘገበበትን ቅጽበት ይከፍት እንደሆነ ጠይቁት፤ ከተቻለም ራሱ ከፍቶ ያሳያችሁ። ኮድ አንብቦ ከማጥፋት ሌላ የማይሠራ ከሆነ እዚያው ተዉት።