ኮንክሪት፣ ፋይበርግላስ ወይስ ቪኒል? ጓሮ ውስጥ መዋኛ ገንዳ ለሚያሠሩ ንጽጽር

ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት የገዛ ሰው ገንዳ ላሠራ ብሎ ሦስት ኮንትራክተር ቢጠራ ሦስት ዓይነት ስብከት ይሰማል። የኮንክሪቱ ሰው «ይሄ ለልጅ ልጅ ነው» ይላል። ፋይበርግላስ የሚሸጠው «ቪኒል ከገባህ ላይነር፣ ማለትም ውሃውን የሚይዘውን የቪኒል ሽፋን፣ ስትቀይር ኖረህ ትከስራለህ» ይላል። የቪኒሉ ደግሞ ዋጋውን ጽፎ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ዝም ይላል። ሁሉም የተወሰነ እውነት አላቸው፤ ግን አንዳቸውም የእርስዎን ጓሮ ገና አልቆፈሩም። ምርጫውን የሚወስነው በመጀመሪያ ከሣሩ በታች ያለው አፈር፣ አፈሩ የያዘው ውሃ እና ከቤቱ ጎን ያለው መተላለፊያ ስፋት ነው። ዋጋ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለማነጻጸር እንዲመች አንድ ልክ እንያዝ፦ 16 በ32 ጫማ፣ አማካይ ጥልቀቱ 5 ጫማ። ይህ 19,000 ጋሎን ገደማ ውሃ ይይዛል፤ ክብደቱ ወደ 72 ቶን ነው። በየጎኑ የሥራ ቦታ ሁለት ጫማ ተጨምሮ ሲቆፈር 145 ኪዩቢክ ያርድ አካባቢ አፈር ይወጣል። አፈር ሲቆፈር ስለሚያብጥ ጭነቱ 180 ያርድ ገደማ ይደርሳል፤ ማለትም የአሥራ አምስት ገልባጭ ያህል። ይህን ማን አውጥቶ የት እንደሚደፋው ውሉ ላይ ካልሰፈረ ሂሳቡ ኋላ ይመጣል።

አሠራራቸው

ኮንክሪት ገንዳ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይሠራል። ቁፋሮው ራሱ ቅርጹን ያወጣል፤ ከዚያ 3/8 ኢንች ፌሮ በ10 ወይም በ12 ኢንች ልዩነት እንደ መረብ ይታሰራል፤ ቧንቧው ይዘረጋል፤ ኮንክሪቱ በአየር ግፊት ይረጫል። ውሃው አፈሙዙ ጋ ሲደርስ የሚቀላቀል ከሆነ ጋናይት ይባላል፤ ተቦክቶ የሚመጣ ከሆነ ሾትክሪት። በሁለቱም ጥሩ ገንዳ ይሠራል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው አፈሙዙን የያዘው ሰው ነው። እዚህ ላይ በዓይን ማየት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሲረጭ ግድግዳው ላይ ነጥሮ የሚወድቀው አሸዋና ጠጠር ሲሚንቶው የሳሳ ነው፤ መጣል አለበት። ሠራተኞቹ ያንኑ በአካፋ አፍሰው ደረጃና መቀመጫ ከሠሩበት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልስኑ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ቅርፊቱ፣ ማለትም የተረጨው የኮንክሪት አካል፣ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ልስኑ አብዛኛውን ጊዜ 28 ቀን ገደማ ተጠብቆ ይሠራል። ከፈቃድ እስከ ዋና ከሦስት እስከ ስድስት ወር መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ዝናባማ ጸደይ ከሆነም ከዚያ በላይ።

ፋይበርግላስ ፋብሪካ ውስጥ ተጠናቆ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ እንዳለ ይመጣል። በመንገድ ማለፍ ስላለበት ስፋቱ ከ16 ጫማ ብዙም አይበልጥም፤ ርዝመቱ እስከ 40 ጫማ ይሄዳል። ቅርጹን ከካታሎግ ይመርጣሉ፤ «እዚህ ጋ ትንሽ ሰፋ ይበል» የሚባል ነገር የለም። ጉድጓዱ በተቆፈረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራው ሊያልቅ ይችላል።

ቪኒል ከብረት ወይም ከፖሊመር (ጠንካራ ፕላስቲክ) ፓነል ግድግዳ ይቆምለታል። ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የኮንክሪት ቀለበት ይፈሳል፤ ወለሉ ቨርሚኩላይት የሚባል ቀላል ማዕድንና ሲሚንቶ ተቀላቅሎ በግንበኛ ማንኪያ ይለሰናል፤ በመጨረሻ ልክ ተወስዶለት የተሠራው ላይነር ይገባል። ላይነሩ ከመሞላቱ በፊት በትልቅ ቫኪዩም ከኋላው አየሩ ተስቦ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በዚያች ሰዓት ያልወጣ ሽብሽብ ውሃ ከገባ በኋላ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ውሃው ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ወለሉን ዞር ብለው ይዩት፣ ማዕዘኖቹን በተለይ።

ገንዘቡ

በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው ገበያ፣ ለያዝነው ልክ፣ ዙሪያውን ተራ የኮንክሪት ወለል ጨምሮ፣ በግምት ቪኒል ከ55 እስከ 85 ሺህ ዶላር፣ ፋይበርግላስ ከ70 እስከ 110 ሺህ፣ ኮንክሪት ከ100 ሺህ በላይ ይጠየቅበታል። አጥር፣ የመብራት መስመርና የአፈር ማስነሻ ብዙ ጊዜ ውጭ ናቸው።

አሁን ወደ ላይነሩ ወሬ። ላይነር ከ8 እስከ 12 ዓመት ያገለግላል፤ ማስቀየሪያው በዚህ ልክ 5 እና 6 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። በ15 ዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ቢቀየር 12 ሺህ ይሆናል። የፋይበርግላስና የቪኒል የመነሻ ልዩነት ደግሞ 15 ሺህ ገደማ ነው። ስለዚህ «ላይነር ሲቀየር ቁጠባው ያልቃል» የሚለው በቁጥር ሲታይ አይቆምም፤ ቪኒል ከነቅያሬው እንኳ ብዙ ጊዜ ርካሹ ሆኖ ይቀራል። ቪኒልን ለመተው ምክንያት ካለ ሌላ ነው፤ ውሻ ከነጥፍሩ ሲገባ፣ ልጆች ሹል መጫወቻ ሲጥሉ፣ ዛፍ ሥሩን ሲልክ ይቀደዳል፤ ትንሿን ቀዳዳ መፈለግም ትዕግሥት ይፈጃል።

የሚያስደነግጠው የኮንክሪቱ ሂሳብ ነው። ነጩ ልስን ከ7 እስከ 15 ዓመት ውስጥ ይታደሳል፤ ዋጋውም ከላይነር እጥፍና ከዚያ በላይ ይወጣል። ጠጠር የተቀላቀለበት ልስን ይበልጥ ይቆያል፣ መነሻውም ይወደዳል። «ለልጅ ልጅ» የሚባለው ቅርፊቱ እንጂ እግር የሚረግጠው ገጽ አይደለም።

አፈርና ውሃ

በፌርፋክስ ካውንቲ ምሥራቃዊ ክፍልና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ ማሪን ክሌይ የሚባል ሸክላ አለ። እንደ አገር ቤቱ መረሬ ዝናብ ሲጠግብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ተዳፋት ላይ ከሆነ ደግሞ ይንሸራተታል። በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የማርልቦሮ ሸክላም በመንሸራተት የታወቀ ነው። ፌርፋክስ የአፈር ካርታ አለው፤ ኮንትራክተር ከመጥራትዎ በፊት አድራሻዎን አስገብተው ይዩ። ቦታዎ ችግር ያለበት አፈር ውስጥ ከወደቀ የጂኦቴክኒክ (የአፈር) መሐንዲስ ጥናት ሊጠየቁ ይችላሉ። ለጥናቱ የሚወጣው ገንዘብ አይቆጭም፤ ሳይጠየቁም ቢያሠሩት ይሻላል።

እንዲህ ባለ አፈር ላይ ፋይበርግላስ በአንድ በኩል ብልጫ አለው፤ ሳይሰነጠቅ ጥቂት ይለመጣል። ኮንክሪት ፌሮው ካልተጠናከረና መሠረቱ በመሐንዲስ ካልተነደፈ ይሰነጠቃል። ሆኖም ተዳፋት ጓሮ ላይ፣ የገንዳው አንድ ጎን የአፈር መደገፊያ ግንብ ጭምር መሆን ካለበት፣ ከኮንክሪት ሌላ ሁነኛ አማራጭ የለም ማለት ይቻላል።

ከአፈሩ ይልቅ ብዙ ገንዳ የሚያበላሸው ውሃው ነው። ሙሉ ገንዳ ከመሬት አይነሳም፤ 72 ቶን ተጭኖታል። ባዶ ሲሆን ግን የከርሰ ምድር ውሃ ከሥር ይገፋዋል። በያዝነው ልክ ባዶው የኮንክሪት ቅርፊት 40 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ውሃው እስከ አፉ ከከበበው የሚገፋው ኃይል የዚያን እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ኮንክሪትም ይንሳፈፋል። ፋይበርግላስማ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይነሳል ወይም ወለሉ ወደ ላይ ያብጣል። ቪኒል ሲሆን ላይነሩ ብቻ ከወለሉ ተነስቶ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ሲሸሽ ይመለሳል፣ ግን ከነሽብሽቡ።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አይጠይቅም። ጥልቁ ጫፍ ጋ፣ ከገንዳው ውጭ፣ ከጠጠሩ ሥር ጀምሮ እስከ ላይ የሚወጣ ቀዳዳ ያለው ፒቪሲ ቧንቧ ይቀበር። ክዳኑን ከፍተው በባትሪ ሲያዩ ውሃው የት እንደደረሰ ይታወቃል፤ ከፍ ካለ ፓምፕ ወርዶ ይሳባል። ኮንክሪት ከሆነ በዋናው ማስወጫ ውስጥ ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭም ይጨመራል፤ ዝገትና ቆሻሻ ስለሚያጣብቀው እሱን ብቻ ማመን ግን አይገባም። ገንዳ ለማጽዳት ተብሎ በራስ ሥልጣን ውሃ ማፍሰስ በየትኛውም ዓይነት ክልክል ነው ብለው ይያዙት።

ፋይበርግላስ ሲተከል ዓይን የማይነቀልበት ሰዓት

ቅርፊቱ ጠጠር በተደለደለ ወለል ላይ ይቀመጥና አራቱም ማዕዘን በውሃ ልክ ይለካል። ከዚያ ውስጡ ውሃ፣ ዙሪያው ጠጠር፣ እኩል እየወጡ ይሄዳሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ጫማ መብለጥ የለበትም። ውሃው ከቀደመ ግድግዳው ወደ ውጭ ያብጣል፣ ጠጠሩ ከቀደመ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንዴ የጎበጠ ግድግዳ አይቃናም። በደረጃውና በመቀመጫው ሥር ጠጠሩ በእጅ ጭምር ተጠቅጥቆ መግባት አለበት፤ ባዶ ከቀረ ሲረግጡት ይለመጣል፣ ጄል ኮት የሚባለው ለስላሳው የላይ ሽፋንም እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። መሙያው የታጠበ የተፈጨ ጠጠር ይሁን። ከጉድጓዱ የወጣውን ሸክላ ወይም አሸዋ መልሼ ልሙላበት የሚል ካለ ሥራው ይቁም፤ አሸዋ ውሃ ሲያገኝ ይሸሻል፣ ሸክላ ይገፋል።

ክሬንም አለ። የጎን መተላለፊያው ጠባብ ከሆነ ቅርፊቱ በቤቱ ጣራ ላይ ተሻግሮ ይገባል፤ የክሬን ኪራዩ በእርስዎ ነው፣ ከበላይ የሚያልፍ የመብራት ሽቦ ካለ ደግሞ ጨርሶ ላይቻል ይችላል። ለኮንክሪትና ለቪኒል ትንሽ ኤስካቫተር የሚያልፍበት መንገድ ይበቃል።

አያያዝ

ኮንክሪት ገጹ ሻካራ ስለሆነ አልጌ ይይዛል፤ በየሳምንቱ መቦረሽ ይፈልጋል፣ ከልስኑ የሚወጣው ኖራ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) ስለሚያንር አሲድም ይበላል። አዲስ ልስን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ሁለቴ ይቦረሻል፤ ሲሞላም ውሃው መሐል ላይ ከተቋረጠ የማይለቅ ቀለበት ይቀራል። ፋይበርግላስ ለስላሳ ነው፤ ክሎሪኑም ጉልበቱም ይቀንሳል። ቪኒል ላይ የክሎሪን እንክብል ወለል ላይ ከተጣለ ቀለሙን ይበላዋል፤ ፒኤች ሲወርድ ደግሞ ላይነሩ ይሸበሸባል። ክሎሪንን ከጨው የሚያመርተው የጨው ሲስተም በሦስቱም ይሠራል፤ የቪኒሉ ግድግዳ ብረት ከሆነ ግን የሚያፈስ ጨዋማ ውሃ ስለሚያዝገው ፖሊመር ይምረጡ። ፓምፑ በሁሉም ፍጥነቱ የሚቀያየር ይሁን፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚፈጀው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

ለማን የቱ?

ትንንሽ ልጆች ላሉት፣ ጓሮው ሜዳ ለሆነ፣ ክሬን ለሚደርስለት ቤተሰብ ፋይበርግላስ ይሻላል። ገንዘቡ ውስን ከሆነ፣ ወይም ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ ቤቱን ለመሸጥ ካሰቡ ቪኒል፤ ውፍረቱ 27 ወይም 28 ሚል (የኢንች አንድ ሺኛ) የሆነ ላይነርና ፖሊመር ግድግዳ ይጠይቁ። ኮንክሪት የሚገባው ጓሮው ተዳፋት ሲሆን፣ ከ16 ጫማ በላይ ስፋት ሲፈለግ ወይም ቅርጹ ግድ ሲሆን ነው። ለክብር ብቻ ኮንክሪት የሚያሠሩ አሉ፤ መብታቸው ነው፣ ግን ለልስኑ ከወዲሁ ይቆጥቡ።

ከመፈረም በፊት

ጓሮዎ አጠገብ ወንዝ ወይም ጅረት ካለ፣ በቨርጂኒያ በኩል የቼሳፒክ ቤይ ጥበቃ ክልል ከውሃው ዳር 100 ጫማ ድረስ ስለሚዘልቅ መጀመሪያ ካውንቲውን ይጠይቁ። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለ ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ። ከቁፋሮ በፊት 811 ይደወላል፤ የተቀበሩ መስመሮችን ምልክት የሚያደርጉት በነጻ ነው።

አጥሩ ቢያንስ 48 ኢንች ቁመት፣ በሩ ራሱ የሚዘጋና ራሱ የሚቆለፍ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ካውንቲዎ ከዚህ የበለጠ ሊጠይቅ ይችላል። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን በብዛት የሚገድለው መስጠም ነውና ይህ በጀት ሲያጥር የሚቆረጥ ነገር አይደለም። ወለል ላይ የሚሠሩ ማስወጫዎች ሁለት ሆነው ቢያንስ 3 ጫማ ይራራቁ፤ ክዳናቸው በ2007 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ሰውነትን የማይስብ ዓይነት ይሁን። ፌሮው፣ ፓነሉ፣ መሰላሉና ፓምፑ በ8 ቁጥር የመዳብ ሽቦ እርስ በርስ መያያዛቸውን የካውንቲው ተቆጣጣሪ ኮንክሪት ሳይሸፍናቸው ማየት አለበት።

ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ማሻሻያ ኮንትራክተር ሲፈርም ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀብድ መቀበል በሕግ ተከልክሏል፤ ፈቃድ ቁጥሩን በስቴቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ያጣሩ። የቀረው ክፍያ በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሥራው ደረጃ ይከፈል፤ ቁፋሮ፣ ቅርፊት ወይም ግድግዳ፣ ወለል፣ የመጨረሻው ፍተሻ። ቋጥኝ ቢገጥም በሰዓት ወይም በያርድ ስንት እንደሚጠየቅ ውሉ ላይ ቁጥር ይስፈር። እያንዳንዱን ክፍያ ሲያደርጉም ኮንትራክተሩ ለኮንክሪት አቅራቢውና ለንዑስ ተቋራጮቹ መክፈሉን የሚያረጋግጥ የተፈረመ ወረቀት ይቀበሉ፤ ያልተከፈለው ሰው በቤትዎ ላይ የዕዳ እግድ ለማስመዝገብ ሊሞክር ይችላል።