«ሁሉ ነገር ያለቀለት» ፌሬት ልትገዙ ካሰባችሁ

ፌሬት፣ ያን ቀጭንና ረዘም ያለ ገላ ያለውን ትንሽ የቤት እንስሳ፣ ስገዛ ሻጩ የነገረኝ ሦስት ነገር ነው፤ ተኮላሽቷል፣ የጠረን ዕጢው ወጥቶለታል፣ ተከትቧል። «ከእንግዲህ የእርስዎ ሥራ ማጫወት ብቻ ነው» አለኝና ግልገሉን ከሽቦ ቤቱ፣ ከአንድ ከረጢት መኖ፣ ከመጫወቻና ከሽታ ማጥፊያ ሻምፑ ጋር አስረከበኝ። ሁሉም በአንድ ሂሳብ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ከፈልኩ። አሁን አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ለሐኪም ያወጣሁት ገንዘብ ከገዛሁበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆኗል። የሚያበሳጨኝ ደግሞ ሰውየው ከሦስቱ አንዱንም አለመዋሸቱ ነው። እውነቱን እየነገረ ነው ያታለለኝ።

ከክትባቱ ልጀምር። የሰጠኝ ወረቀት ላይ አንድ መርፌ ተመዝግቧል፤ ዕድሜውም ሦስት ወር ይላል። በማግስቱ የወሰድኩላት የእንስሳት ሐኪም ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ አፉን ከፈተችና ፈገግ አለች። የፌሬት ቋሚ ክራንቻ ብቅ የሚለው በ50 ቀን ገደማ ነው። የእኔው ገና የወተት ክራንቻውን ብቻ ይዞ ነበር። ስለዚህ እንኳን ሦስት ወር ሊሆነው፣ ሁለት ወርም አልሞላውም። (ዕድሜውን ዋሽቶኛል ማለት ነው፤ ከሦስቱ ነገሮች ውስጥ ስላልነበረ አልቆጠርኩበትም።) በዚያ ዕድሜ የተሰጠ አንድ መርፌ ብዙም አያስተማምንም፤ ግልገሉ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ገና በደሙ ውስጥ ስላለ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል። የዲስቴምፐር (ውሻንም ፌሬትንም የሚይዝ የቫይረስ በሽታ ነው) ክትባት በ8፣ በ11 እና በ14 ሳምንት ተደጋግሞ የሚሰጠው፣ ከዚያም በየዓመቱ የሚታደሰው ለዚህ ነው። ዲስቴምፐር የያዘው ፌሬት ይተርፋል ተብሎ ተስፋ አይደረግም። ለውሻ የተዘጋጀ ክትባት ሁሉ ደግሞ ለፌሬት አይሆንም፤ አንዳንዱ ራሱ በሽታውን ያስነሳበታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አለ፤ እሱ ከሦስት ወር በኋላ የሚሰጥ ስለሆነ በእኔ ወረቀት ላይ ሊኖር አይችልም ነበር።

«ተከትቧል» ማለት ከጉንፋን ይጠበቃል ማለትም አይደለም። ፌሬት የሰውን ኢንፍሉዌንዛ እንደ ሰው ይታመመዋል፤ ተመራማሪዎች በ1933 የሰውን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመለየት የቻሉት የበሽተኞችን ጉሮሮ እጣቢ ለፌሬቶች ሰጥተው ነው። ጉንፋን ሲይዛችሁ ራቁት።

ስለ ጠረኑ አጭር ነው የምለው። ከፊንጢጣው ጎን ያሉት ዕጢዎች የሚረጩት ሽታ ሲደነግጥ የሚለቀው ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥም ይጠፋል። የዘወትሩ ጠረን የሚመጣው ከቆዳው ቅባት ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ቆርጦ አያወጣውም። ያለ ሕክምና ምክንያት ይህን ቀዶ ጥገና መሥራት የተከለከለባቸው አገሮች አሉ። ሻምፑውንማ ባይሰጠኝ ይሻል ነበር፤ አዘውትራችሁ ባጠባችሁት ቁጥር ቆዳው የተወሰደበትን ቅባት ለመተካት ይተጋል፤ ሽታውም ይብሳል።

ኪሴን ያራቆተኝ ግን «ተኮላሽቷል» የሚለው ነው። ሰባት ሳምንት ያልሞላው ግልገል ተኮላሽቶ ነበር። በሦስት ዓመቱ የጭራው ፀጉር ሳሳ፤ ከዚያ መመለጡ ወደ ወገቡ ወጣ። ፀጉር የሚቀይርበት ወቅት ነው ብዬ ችላ አልኩት። አንድ ሌሊት ለመሽናት ሲያምጥ አደረ፤ የወጣው ጠብታ ብቻ ነበር። ምክንያቱን ያወቅኩት በዚያ ሌሊት ነው። የዘር ፍሬው ሲወጣ፣ ከአንጎል በታች ያለው ፒቱታሪ ዕጢ «በቃ» የሚለው ሆርሞን አጥቶ ትእዛዙን ያለማቋረጥ ይልካል። ትእዛዙ የሚደርሰው ደግሞ ከኩላሊት አጠገብ ላሉት አድሬናል ዕጢዎች ነው። እነሱም ከዓመታት በኋላ አብጠው የፆታ ሆርሞን ያመርታሉ። ፀጉር ይረግፋል፤ በወንዱ ፕሮስቴት የተባለው ከፊኛው ሥር ያለ ዕጢ አብጦ ሽንት ይዘጋል፤ በሴቷ ብልቷ ያብጣል። ሽንቱ የተዘጋ ፌሬት እስኪነጋ የሚጠበቅ አይደለም፤ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

እንደ ተፈጥሮው ተውት እያልኩ ግን አይደለም። ያልመከነች ሴት ፌሬት ወንድ ካላገኘች ከድሪያዋ በቀላሉ አትወጣም፤ የሚከማችባት ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን መቅኔዋን ያደክምና በደም ማነስ ሊገድላት ይችላል። መፍትሔው ለማኮላሸት እስኪያድግ መጠበቅ፣ ወይም ዴስሎሬሊን የተባለውን ከቆዳ ሥር የሚቀበር መድኃኒት ለሥራው የሚታወቅ ሐኪም ዘንድ ማስቀበር ነው። ለእኔውም ሽንቱ ከተከፈተለት በኋላ የተደረገለት ይኸው ነው። ፀጉሩ ተመልሷል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን እንደገና መቀበር አለበት፤ እንግዲህ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ነው።

መኖውን በተመለከተ፣ ከረጢቱ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው በቆሎ፣ ቀጥሎ አተር ነበር። ፌሬት ሥጋ በል ነው፤ አንጀቱ አጭር ስለሆነ የበላው በሦስትና አራት ሰዓት ውስጥ ያልፋል፤ እህል የሚፈጭበት ጊዜ የለውም። የአተር ፕሮቲን የበዛበት መኖ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ሊያፈራ ይችላል። ቆሽት ላይ የሚወጣውንና ኢንሱሊን ያለ ልክ የሚያፈስሰውን ዕባጭም ብዙ ሐኪሞች ከስታርችና ከስኳር ጋር ያያይዙታል፤ ድንገት አፍጥጦ የሚቀር፣ ምራቁ የሚዝረከረክና የኋላ እግሮቹ የሚከዱት ፌሬት ካያችሁ በደሙ ውስጥ ስኳር አንሷል ማለት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሥጋ የተጻፈበትን፣ ፕሮቲኑ ከ35 በመቶ፣ ስቡም ከ20 በመቶ ገደማ የማያንሰውን ምረጡ። ግልገል ሳለ የለመደውን ጣዕም በኋላ ማስለወጥ ከባድ ነው፤ እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

መጫወቻው ላስቲክ ነበር። ፌሬት ላስቲክ አይቶ አያልፍም፤ የዋጠው ቁራጭ አንጀት ይዘጋል። ያን ዕለቱኑ ጣልኩት።

ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት አፉን ከፍታችሁ ክራንቻውን እዩ፤ በስንት ሳምንቱ እንደተኮላሸ፣ የትኛው ክትባት በየትኛው ቀን እንደተሰጠው በጽሑፍ ይስጧችሁ። በአካባቢያችሁ ፌሬት አክሞ የሚያውቅ ሐኪም መኖሩንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ እኔ የመጀመሪያዋን ያገኘሁት በዕድል ነው።

ሻጩ ዘንድ ደውዬ ነበር። የሽንቱን ነገር፣ የሚቀበረውን መድኃኒት፣ የሐኪሙን ሂሳብ አንድ በአንድ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝና ሌላ ግልገል በቅናሽ ሊሰጠኝ እንደሚችል ነገረኝ። ተኮላሽቷል አለኝ፤ የጠረን ዕጢው ወጥቶለታል፤ ተከትቧልም።