ከዲስከሱ በፊት የሚገዛው ሳጥን፦ የኤፒአይ የውሃ መመርመሪያ

ዲስከስ የተባለውን ክብና ጠፍጣፋ የጌጥ ዓሣ ማሳደግ የሚጀምር ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው በመስታወቱ፣ በማሞቂያውና በዓሣዎቹ ላይ ነው። መመርመሪያ ትዝ የሚለው ዓሣው ጠቁሮ፣ ክንፉን አጣጥፎ ጥግ ሲይዝ ነው። የዓሣ ገንዳ ዕቃዎች አምራቹ ኤፒአይ የሚሸጠው የውሃ መመርመሪያ ሳጥን፣ «ፍሬሽዋተር ማስተር ቴስት ኪት»፣ ግን ከዓሣው ቀድሞ ቤት መግባት አለበት፤ አንድ ትልቅ ጉድለት ቢኖርበትም።

ሳጥኑ አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣ መርዝ)፣ ናይትራይትና ናይትሬት (የማጣሪያው ባክቴሪያ አሞኒያውን ደረጃ በደረጃ የሚለውጥባቸው) እንዲሁም ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ) ይለካል። ሰባት የጠብታ ጠርሙሶች፣ አራት የመስታወት ቱቦዎችና የቀለም ካርድ አሉት። ዲስከስ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ስለሚፈልግ አሞኒያና ፒኤች ተጣምረው መነበብ አለባቸው። በ30 ዲግሪ ፒኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ሲሆን ከ7 በመቶ ያልፋል። ስለዚህ ካርዱ ላይ 0.5 (ሚሊ ግራም በሊትር) ማየት ብቻውን ምንም አይናገርም።

ዋናው ሥራው ዓሣ ከመግባቱ በፊት ነው። 200 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ገንዳ በስፖንጅ ማጣሪያ ያስነሱ፤ ሽቶና ሳሙና የሌለበት አሞኒያ ጨምረው ንባቡን 2 ላይ ያድርሱት። ከዚያ በየቀኑ ይለኩ። አሞኒያው ሲወርድ ናይትራይቱ ይወጣል፣ ቆይቶ እሱም ይወርዳል። የጨመሩት 2 በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ሁለቱም ዜሮ ሲያሳዩ ማጣሪያው ደርሷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አብዛኛውን ውሃ ቀይረው አምስት ስድስት ዲስከስ በአንድ ጊዜ ያስገቡ። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ጉልበተኛው ደካማውን ከምግብ እያባረረ ያመነምነዋል።

አለካኩ ቀላል ነው። ቱቦውን በሚመረመረው ውሃ አለቅልቆ እስከ 5 ሚሊ ሊትር መስመሩ መሙላት፣ ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ ዘቅዝቆ ማንጠብጠብ። ለአሞኒያ ከሁለቱም ጠርሙሶች 8፣ 8 ጠብታ፤ ለናይትራይት 5 ጠብታ፤ ሁለቱም አምስት ደቂቃ ይጠበቃሉ። ቱቦውን በክዳኑ እንጂ በጣት አፍኖ መነቅነቅ አይገባም፣ ኬሚካሉ ቆዳ ይጎዳል። ቀለሙ በቀን ብርሃን ይነበብ፤ በአምፖል ብርሃን ዜሮው 0.25 መስሎ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። የተጠራጠረ በታሸገ ውሃ ያንኑ ምርመራ ሠርቶ ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን ያስተያይ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ናይትሬት ላይ ነው። የሁለተኛው ጠርሙስ ንጥረ ነገር እታች ይዘቅጣል፤ ሳይናወጥ ከተንጠበጠበ ውሃው ቆሽሾም ንጹሕ ይመስላል። ከመጀመሪያው 10 ጠብታ፣ ሁለተኛውን 30 ሰከንድ በኃይል ነቅንቆ 10 ጠብታ፣ ቱቦውን አንድ ሙሉ ደቂቃ መነቅነቅ፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ለዲስከስ ከ20 በታች ይሁን። የ40 እና የ80 ቀይ ስለሚመሳሰል፣ ውሃውን ናይትሬት በሌለበት እኩል መጠን ባለው የተጣራ ውሃ በጥብጦ ውጤቱን በሁለት ማባዛት ይሻላል። የቧንቧውንም ውሃ መለካት አይርሱ፤ እሱ ራሱ ናይትሬት ካለው ውሃ መቀየር ብቻውን አያወርደውም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ሳጥኑ የውሃውን ካርቦኔት ጥንካሬ፣ ማለትም ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘውን፣ አይለካም። ይህ ጥንካሬ ሲያንስ ፒኤቹ ድንገት ይወድቃል፤ ከ6 በታች ሲወርድ ደግሞ የማጣሪያው ባክቴሪያ ሥራውን ያዳክማል። ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለት ለስላሳ ውሃ ለሚጠቀም ዲስከስ አሳዳጊ ይህ መለኪያ ቅንጦት አይደለም፣ ኩባንያው ግን ለብቻው ነው የሚሸጠው። አጠቃቀሙ ግን ደስ ይላል፦ ሰማያዊው ቢጫ እስኪሆን የገቡት ጠብታዎች ይቆጠራሉ፣ እያንዳንዱ ጠብታ አንድ የጥንካሬ ዲግሪ ነው።

ኦክስጅንም አይለካም። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው፤ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ይብሱን ይቀንሳል። ንባቡ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ዓሣዎቹ ውሃው ወለል ላይ አፋቸውን ከከፈቱ መጀመሪያ የአየር ፓምፑን ይጨምሩ።

ውሃ ውስጥ ተነክሮ በቀለሙ ከሚነበበው የወረቀት መመርመሪያ ጋር ሲነጻጸር ጊዜ ይወስዳል፣ ነገር ግን ወረቀቶቹ ብዙዎቹ አሞኒያን ጭራሽ አይለኩም፤ ለጀማሪ ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ገንዳው ከጸና በኋላ ቶሎ የሚያልቀው የናይትሬቱ ጠብታ ነው። ጠርሙሶቹ ለብቻ ስለሚሸጡ ሙሉውን ሳጥን ዳግም መግዛት አያስፈልግም።