አጋዘን ዱባችንን እንዳይበላ ምን እንግዛ? መረብ፣ ሽቦ፣ የኤሌክትሪክ አጥርና ፈሳሽ ሲነጻጸሩ

ዱባ ከተተከለ እስኪበስል ድረስ መቶ ሌሊት ያህል ደጅ ያድራል። አጋዘን ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ይህን የተረዳሁት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከቤቴ ጓሮ በተከልሁት ዱባ ነው። በየሳምንቱ የምረጨው ፈሳሽ ገዝቼ ሰኔንና ሐምሌን በሰላም አሳልፌ ነበር። ነሐሴ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ፈሳሹን በማግሥቱ ልረጭ ብዬ አደርሁ። ሲነጋ የሐረጉ ለጋ ጫፍ ሁሉ ተቀንጥሷል፣ አበባው አልቋል፣ ጡጫ የሚያክሉት ፍሬዎች ተነክሰው ወድቀዋል። ለመስከረም የዱባ ወጥ ያሰብሁት ከሱቅ በተገዛ ዱባ ሆነ።

ስለዚህ እቃዎቹን የማወዳድረው በአንድ መለኪያ ነው፦ ባለቤቱ ሳይነካው ስንት ሌሊት ይጠብቃል? ዋጋውም፣ መልኩም፣ ለመትከል ያለው ድካምም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። በአገራችን አጋዘን የሚባለው ጠምዛዛ ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ ነው። በአሜሪካ የምንኖር ሰዎች ግን በየሰፈሩ የሚዞረውን፣ ሲሮጥ ነጭ ጭራውን የሚያነሣውን እንስሳም አጋዘን ብለን ለምደናል፤ እዚህም የምለው እርሱን ነው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በላተኛው እርሱ መሆኑን ያረጋግጡ። አጋዘን በላይኛው መንጋጋው የፊት ጥርስ ስለሌለው ቅጠሉን ቦጭቆ ነው የሚወስደው፤ የቀረው ጫፍ የተተለተለ ይሆናል። በምላጭ እንደተቆረጠ ጥርት ያለ ቁራጭ ካዩ ጥፋተኛው ጥንቸል ነው። ቀን በቀን የሚበላና አጠገቡ ጉድጓድ ያለው ከሆነ ደግሞ ግራውንድሆግ የሚባለው ቆፋሪ እንስሳ ነው፤ ለእርሱ ከፍ ያለ አጥር ምንም አይፈይድም፣ የሚያስቆመው ከመሬት በታች 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የተቀበረ ሽቦ ነው።

የፕላስቲክ መረብ ወይስ የሽቦ አጥር?

ነጭ ጭራው አጋዘን ሲገደድ እስከ 2.4 ሜትር ይዘላል። ለሰፊ መደብ አጥሩ ከ2.3 ሜትር ማነስ የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው። ሆኖም ካልተባረረ በቀር መዝለል የመጨረሻ ምርጫው ነው። መጀመሪያ በአፍንጫው የአጥሩን ሥር እየገፋ መሽሎኪያ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ቁመት ላይ ገንዘቡን ጨርሶ ሥሩን ልቅ ይተወዋል፤ አጋዘኑም ተንበርክኮ ይገባል።

በሱቅ ውስጥ ጥቁር የፕላስቲክ መረብ በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንዱ እንደ ወፍ መከላከያ የሳሳ፣ በአሥር ቤት በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ነው። ይህንን አልመክርም። በአንድ ግፊት ይቀደዳል፣ የዱባው ሐረግ በጠምዛዛ ክሮቹ ተጠምጥሞበት በመከር ጊዜ አብሮ ይበጣጠሳል፣ እባብና ወፍም ይጠላለፉበታል። ሁለተኛው ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ፣ ፀሐይ እንዳያደርቀው የተዘጋጀ ጠንካራ መረብ ነው። ለ30 ሜትር ጥቅል ከመቶ ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ለዓመታት ያገለግላል። ክብደቱ ቀላል ስለሆነ አንድ ሰው ከልጁ ጋር ሆኖ በአንድ ቅዳሜ ይተክለዋል። ከሩቅ ስለማይታይም ጎረቤት አይቆጣም። ይኸው አለመታየቱ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ችግር ነው፤ አጋዘኑ ሳያየው ሮጦ ይገባበታል። ወገብ በሚደርስ ከፍታ ላይ ነጫጭ የጨርቅ ቁራጭ በየሁለት ሜትሩ ማሰር ይበቃል። የታችኛውን ጠርዝ ወደ ውጭ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አጥፎ በካስማ መቸከል ግን ግዴታ ነው።

የብየዳ ሽቦ አጥር ከብረት ቋሚ ጋር ከዚህ በብዙ ይወደዳል፣ ይከብዳል፣ ሲተከልም እጅ ይልጣል። በምላሹ ጥንቸል አያኝከውም፣ የወደቀ ቅርንጫፍ አይቀድደውም፣ ከአሥር ዓመት በላይም ይቆማል። የራስዎ ቤት ከሆነና በየዓመቱ ጎመን፣ ቃሪያና ዱባ የሚተክሉ ከሆነ ሽቦው ገንዘቡን ይመልሳል። ተከራይ ከሆኑ፣ ወይም ቦታው የጋራ አትክልት ሥፍራ ከሆነ፣ ነቅለው ይዘውት የሚሄዱት መረብ ይሻላል። በሁለቱም ጊዜ ግን የካውንቲውን የአጥር ከፍታ ደንብና የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ውል አስቀድመው ያንብቡ። በተለይ በቤቱ ፊት ለፊት ከፍ ያለ አጥር በብዙ ቦታ አይፈቀድም።

ከፍታ ለተከለከለ ሰው መውጫ አለው። አጋዘን የሚያርፍበትን ቦታ አመቺነት ሳያይ ወደ ጠባብ ነገር ውስጥ መዝለል አይወድም። ወርዱ ከአራት ሜትር ያልበለጠ ትንሽ በረት ከሠሩ 1.5 ሜትር ከፍታ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የዱባ ሐረግ ግን አራት ሜትር ላይ ቁም ቢሉት አይቆምም። በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ጫፉን ወደ ውስጥ መመለስ ያስፈልጋል፤ በአጥሩ ቀዳዳ የወጣው ሁሉ የአጋዘኑ ድርሻ ነው።

የኤሌክትሪክ አጥር

ሰፋ ያለ እርሻ ላላቸው፣ ለምሳሌ ከከተማ ወጣ ብለው መሬት ለተከራዩ ወገኖች፣ ከሁሉ ርካሹ ይህ ነው። የሚፈለገው አንድ ረድፍ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ቋሚዎች፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የአጥር ማመንጫና እርሱን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ የብረት ዘንግ ነው። ብልሃቱ ያለው ከገመዱ ላይ በሚንጠለጠለው ነገር ላይ ነው። የአጋዘን ፀጉር ውስጡ ባዶ ስለሆነ ኤሌክትሪኩን አያሳልፍም፤ በትከሻው ቢነካው አይሰማውም። ስለዚህ ገመዱን ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ የአሉሚኒየም ፎይል ቁራጭ በላዩ አጥፈው፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ይቀቡበታል። አጋዘኑ ሽታው ስቦት በአፍንጫው ወይም በምላሱ ይነካዋል፤ ያን ቦታ ሁለተኛ ለመቅረብ ይፈራል።

በእኔ መለኪያ ግን ከመረቡ ያንሳል። ቅቤው በየጊዜው መታደስ አለበት። ሣሩም ሆነ የዱባው ሐረግ ገመዱን ከነካ ኃይሉ ወደ መሬት ይፈስሳል፤ ዱባ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የሚይዝ ተክል ነው። ልጆች በሚሯሯጡበት ጓሮ አይሆንም፤ ብዙ የከተማ ሰፈሮችም ይከለክሉታል። የሚገዙት ለአጥር ተብሎ የተሠራ ማመንጫ ይሁን እንጂ የቤት ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ሽቦ ማገናኘት ሰው ይገድላል።

የሚረጩ ፈሳሾች

ሊኩዊድ ፌንስና ቦቤክስ የሚሠሩት ከበሰበሰ እንቁላልና ከነጭ ሽንኩርት ነው፤ ፕላንትስኪድ ከደረቀ ደም። ሽታቸው አጋዘኑን ሥጋ በል አውሬ ቅርብ እንዳለ ያስመስልበታል። አዲስ ሲረጩ ይሠራሉ፤ ይህን አልክድም። ግን ሦስት ነገር ይጎድላቸዋል። ከባድ ዝናብ ያጥባቸዋል። ትናንት የተረጨው ቅጠል ቢጠበቅ ዛሬ የበቀለው ጫፍ ባዶውን ነው፤ በሐምሌ ሙቀት የዱባ ሐረግ እንዴት እንደሚሮጥ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሦስተኛው፣ አጋዘኑ ከራበው ሽታውን ችሎ ይበላል።

ከመግዛትዎ በፊት ጠርሙሱ ላይ ለሚበላ አትክልት የተፈቀደ መሆኑን ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ለአበባና ለጌጥ ቁጥቋጦ ናቸው። በተለይ የዱባን ቅጠልና ጫፍ ቀቅለው የሚበሉ ቤተሰቦች ይህን መዝለል የለባቸውም። ሂንደር የሚባለው፣ ከአሞኒየም ሳሙና የተሠራው፣ በሚበላ ሰብል ላይ ከተፈቀዱት ጥቂቶች አንዱ ነው። በክር ተንጠልጥሎ የሚሰቀል የገላ ሳሙና ርካሽ ቢሆንም የሚጠብቀው በዙሪያው አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ሐረግ ብቻውን ስንት ሳሙና እንደሚፈልግ ማስላት ቀላል ነው።

ውሃ የሚረጨው ዘብ

በአገር ቤት ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ ጦጣና ከርከሮ የሚያባርር ልጅ ነበረን። እንደ ኦርቢት ያሉ ኩባንያዎች የሚሸጡት እንቅስቃሴ ሲያይ በድንገት ውሃ የሚረጭ መሣሪያ የዚያ ልጅ ምትክ ነው። በባትሪ ይሠራል፣ ከውሃ ጎማ ጋር ይገጠማል፣ አጋዘኑን በእርግጥ ያስደነግጠዋል። ልጁ ግን ቦታ ይቀያይር ነበር፤ መሣሪያው አይንቀሳቀስም። በየጥቂት ቀኑ ካላዘዋወሩት አጋዘኑ ውሃው የማይደርስበትን ማዕዘን ያገኛል። ጎማው ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሞልቶ ማደሩም ያሰጋል። ለጥቂት ሳምንታት፣ በተለይ አጥሩ እስኪተከል፣ ጥሩ እቃ ነው። ሰው የማይሰማው ከፍተኛ ድምፅ ያወጣል ተብሎ ለሚሸጠው ሣጥን ግን ገንዘብዎን አያውጡ።

ለመጀመሪያው ወር ብቻ ሌላ ርካሽ ነገር አለ፤ በቅስት ሽቦ ላይ የሚዘረጋ ስስ ነጭ የአትክልት መሸፈኛ ጨርቅ። ችግኙን ከአጋዘን ይሰውረዋል፣ የዱባን ግንድ ሰርስሮ ከሚገድለው ትልም ጭምር ያድነዋል። አበባ ሲጀምር ግን መነሣት አለበት፤ ንብ ካልገባ ፍሬ የለም።

እኔ አሁን ሦስት ዱባ ለምተክልበት ጓሮ የገዛሁት ጠንካራውን የፕላስቲክ መረብ ነው፤ በሥሩ 60 ሴንቲ ሜትር የዶሮ ሽቦ ዞርሁበት። ችግኙ በጨርቅ ሥር ሆኖ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይወጣል። አንድ ጠርሙስ ሂንደርም አስቀምጫለሁ፤ ከአጥሩ ለሚወጣው ጫፍ። ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ መረቡን ይግዙ፣ ጨርቁንና ጠርሙሱን ለሚቀጥለው ዓመት ይተዉት።

ቅርፊቱ በጥፍር ሲጫኑት የማይበሳ፣ አንገቱም የደረቀ ዱባ ደርሷል ማለት ነው፤ የጥቅምት ውርጭ ሳይቀድምዎ ከነአንገቱ ቆርጠው ያስገቡት። ከዚያ መረቡን ወዲያውኑ ጠቅልለው ያንሡት። ጥቅምትና ኅዳር የአጋዘን የመራቢያ ወቅት ነው፤ ወንዱ ቀንዱን በየቁጥቋጦው እያሻሸ ይሮጣል፣ ልቅ ሆኖ በተተወ መረብም ተጠላልፎ ይታነቃል።