የመኪና አደጋ ካሳ፦ በሽምግልና ወይስ በክስ?

ወጪ፦ ሽምግልና ብዙ አያስወጣም። ክስ የዳኝነት ክፍያ አለው፤ ክፍያውም በሚጠየቀው ገንዘብ ልክ ይሰላል። መክፈል የማይችል በደሃ ደንብ (ክፍያውን ሳይከፍል) ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

ማስረጃ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ስለዚህ የከሳሹ ዋና ሸክም የጉዳቱን መጠን ማስረዳት ነው፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የሕክምና ደረሰኝ፣ የሐኪም ቦርድ ውሳኔ፣ የገቢ ማስረጃ ያስፈልጋሉ። ሽማግሌዎች ይህን ሁሉ ላይጠይቁ ይችላሉ።

የካሳ መጠን፦ ፍርድ ቤት ወደፊት የሚቀረውን ገቢ ጭምር ያሰላል። የሕሊና ጉዳት (የሐዘንና የስቃይ) ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር አያልፍም፤ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ እጅግ ትንሽ ነው። በስምምነት ይህ ጣሪያ አያስርም።

የሽምግልና ስጋት፦ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ሳይድን «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብሎ የፈረመ፣ በኋላ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው እንደገና መጠየቅ ይከብደዋል፤ የእርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ሽማግሌ ስለተቀመጠ ብቻም የ2 ዓመቱ የይርጋ ጊዜ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አንቀጽ 2143) አይቆምም።

ጉዳቱ ቀላል፣ ሕክምናው ያለቀ፣ ገንዘቡም በእጅ የሚከፈል ከሆነ ሽምግልና ይሻላል። ቋሚ የአካል ጉዳት ወይም የቤተሰብ አስተዳዳሪ ሞት ካለ ግን ክስ።